የሰፈር ስኬቲንግ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

እሑድ ማለዳ መኪና ሲቀንስ የአዲስ አበባን አስፋልት ባለ ጎማ ጫማ ያደረጉ ልጆች ይረከቡታል። ሰኞ ደግሞ ከእነዚሁ ልጆች አንዳንዶቹ የአይሱዙ ወይም የሚኒባስ ኋላ ይዘው ሲጎተቱ ይታያሉ። አደጋውን ያላየ የለም፤ ቁጣና ተግሣጽ ግን እስካሁን አላስቆመውም። ልጆቹ የሚፈልጉት ፍጥነት፣ ተመልካችና ከእኩዮቻቸው ጋር የሚለካኩበት መድረክ ነው። ሦስቱንም ከመኪና በራቀ ቦታ ልንሰጣቸው እንችላለን፤ ወጪውም የሚፈራውን ያህል አይደለም።

«ውድድር ማዘጋጀት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» የሚለው ጥያቄ ከወጣት ማኅበራት፣ ከስኬቲንግ ቡድኖች፣ አልፎ አልፎም ከወላጆች ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከ30 እስከ 60 ተወዳዳሪ ለሚሳተፍበትና በግማሽ ቀን ለሚያልቅ የጎዳና ውድድር የሚሆን ነው። ምሳሌዎቹ ከአዲስ አበባ ናቸው፤ ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ባሕር ዳር ያላችሁ የአየሩን ጠባይና የመሥሪያ ቤቶቹን ስም እንደ አካባቢያችሁ አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት። ዝግጅቱን ቢያንስ ከስምንት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

1. የውድድሩን ዓይነት ወስኑ

ሌላው ሥራ ሁሉ በዚህ ውሳኔ ላይ ይመሠረታል። የቦታው ስፋት፣ የዕቃው ብዛት፣ የዳኞቹ ችሎታ እንደ ውድድሩ ዓይነት ይለያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁ ከሆነ ሁለት ብቻ ምረጡ።

አንደኛው የኮን ፍጥነት ነው፦ በመስመር በተደረደሩ ኮኖች መካከል በአንድ እግር እየተጠማዘዙ በአጭር ጊዜ መጨረስ። ዕቃው ቀላል ነው፤ አሸናፊውም በሰዓት ስለሚለይ ክርክር አይበዛበትም። ሁለተኛው የጎዳና ትርኢት ነው፦ በሳጥን፣ በብረትና በትንሽ መወጣጫ ላይ እየዘለሉና እየተንሸራተቱ ችሎታ ማሳየት። ተመልካች የሚሰበስበው ይህኛው ነው፤ ዝግጅቱም ዳኝነቱም ግን ይከብዳል።

የቁልቁለት ሩጫን ተዉት። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ዓይነት መንገድ ያየ ወጣት «እዚህ ቢሆን!» ማለቱ አይቀርም። ቁልቁለት ግን የሳር ክምር፣ ረጅም የፍሬን ቦታ፣ በየመታጠፊያው ሰውና ሙሉ የመንገድ መዘጋት ይጠይቃል። የሰፈር ኮሚቴ ይህን አይችልም፤ ልሞክር ካለም የሚጎዳው ልጅ ነው።

2. ቦታውን በእግርም በጎማም ፈትሹ

መስቀል አደባባይን የማይመኝ የለም፤ ሰፊና ለስላሳ ነው። ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ግን ለጀማሪ አዘጋጅ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ይልቅ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለ የመኪና ማቆሚያ፣ የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ ወይም ሁለቱ ጫፉ በቀላሉ የሚዘጋ የውስጥ አስፋልት ፈልጉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድበት እሑድ መንገዱ ቀድሞውኑ ለመኪና ዝግ ስለሚሆን ከአስተባባሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ በዚያው ማዕዘን መያዝም አንድ መፍትሔ ነው።

ለኮን ፍጥነት ወደ 50 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያስፈልጋችኋል። ለትርኢቱ 30 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። ኮብልስቶን ለሁለቱም አይሆንም፤ ጎማው በየድንጋዩ መጋጠሚያ ይያዛል።

ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ከርቀት አይታችሁ «ጥሩ ነው» አትበሉ። የብዙ ውድድር ጉዳት የሚመጣው ከዝላዩ ሳይሆን ማንም ካላያት ጠጠር ነው። የጎማው ዲያሜትር በአብዛኛው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለትርኢት የሚሆነው ጫማ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ትንሽ ጎማ አለው። ትንሽ ጎማ የሽንብራ ፍሬ በምታህል ጠጠር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልጁ ግን አብሮ አይቆምም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ መስመሩን በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱና ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ጉድጓድ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ የቱቦ ክዳን፣ የዘይት ፍሳሽ ባያችሁበት ሁሉ በጠመኔ ክብ አድርጉ። ከዚያ አንድ ልምድ ያለው ስኬተር በዝግታ፣ ኋላም በፍጥነት ይለፍበት፤ እግር ያልነገራችሁን ጎማ ይነግራችኋል። ተዳፋቱን ለማወቅ ኳስ አስቀምጡ፤ ሳትነኩት ተንከባሎ ከሄደ ለኮን ፍጥነት ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንድ ጀሪካን ውኃም አፍስሱበት። ውኃ የሚቋጥረው ቦታ ሌሊት ካፊያ ቢጥል ጠዋት እርጥብ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ነው።

ስንጥቁን በሲሚንቶ መሙላት ይቻላል፤ ግን የቦታው ባለቤት ፈቅዶ፣ ሥራውም ከውድድሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጠናቀቅ። ዘይት የፈሰሰበትን በአሸዋ አድርቆ፣ በኦሞ አጥቦ፣ አሸዋውን ሙልጭ አድርጎ መጥረግ ያስፈልጋል። አሸዋውን እዚያው መተው ከዘይቱ የባሰ ያንሸራትታል።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ክረምቱን፣ ማለትም ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ እርሱት። መጋቢትና ሚያዝያም የበልግ ዝናብ ስላለ አያስተማምኑም። የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ነው፤ በዚያ ውስጥም የኅዳሩን ታላቁ ሩጫና የጥር 11ዱን ጥምቀት ዝለሏቸው፤ ፖሊስና አምቡላንስ ሁሉ እዚያ ነው የሚሆነው።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ኮኖቹን ይገለብጣል፤ ፀሐዩም በዚህ ከፍታ ላይ ይፋጃል። ቅዳሜና እሑድ ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ወጣቱ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለማየት ይበተናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያልቅ መርሐ ግብር ለሁሉም ይስማማል። በአቅራቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ የጸሎቱን ሰዓት ጠይቃችሁ ድምፅ ማጉያውን በዚያ ልክ አስተካክሉ።

ተለዋጭ ቀንም በፈቃድ ጥያቄው ላይ አብራችሁ ጻፉ። በእርጥብ አስፋልት ላይ ውድድር አይካሄድም፤ «ትንሽ ነው የረጠበው» የሚባል ነገር የለም።

4. ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ ጎረቤቱንም አነጋግሩ

ደብዳቤ የሚጽፍ አካል ሊኖራችሁ ይገባል። ማኅተም የሌለው የወጣቶች ስብስብ በር ላይ ይመለሳል። የራሳችሁ ሕጋዊ ማኅበር ከሌላችሁ ከወጣት ማዕከሉ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከተመዘገበ የስፖርት ክለብ ጋር በመተባበር በእነሱ ደብዳቤ ጠይቁ። መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ወረዳችሁ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። መንገድ የሚዘጋ ከሆነ የከተማው ትራፊክ ማኔጅመንትና የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ማወቅ አለባቸው፤ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ካለ ደንብ ማስከበርም እንዲሁ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፤ ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ስንት ሰው፣ ተጠሪው ማን ከነስልኩ። በእጅ የተሣለ የቦታ ካርታ አባሪ አድርጉ፤ የሚዘጋውን፣ ክፍት የሚቀረውን፣ አምቡላንስ የሚገባበትን ያሳይ። ይህ ካርታ ብዙ ምልልስ ያስቀራል፤ ኃላፊው ሊፈርም ሲል የሚያስፈራው ያልታየው ነገር ነውና። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ኮፒውን በዕለቱ በኪሳችሁ ያዙ። በቃል የፈቀደ ኃላፊ እሑድ ጠዋት ስልክ ላያነሣ ይችላል።

ከወረቀቱ እኩል የሚያስፈልገው የሰፈሩ ሰው ነው። በቦታው ዙሪያ ያሉትን ቤቶችና ሱቆች ከሳምንት በፊት አንኳኩ፤ ከሦስት ቀን በፊትም ዳግመኛ አስታውሱ። መኪናቸውን በስንት ሰዓት ማውጣት እንዳለባቸው፣ የታመመ ሰው ቢኖርና መውጣት ቢያስፈልግ ማንን እንደሚጠሩ ንገሯቸው። የእድሩን ሰብሳቢ አግኙ፤ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ብትጠይቁ በትንሽ ክፍያ ወይም በነፃ ልታገኙ ትችላላችሁ። በዚያው ሳምንት በሰፈሩ ለቅሶ ከተቀመጠ ግን ሙዚቃ ከፍቶ ውድድር ማካሄድ አይሆንም። ወደ ተለዋጩ ቀን አሸጋግሩት፣ እናንተም ለቅሶ ድረሱ።

5. የኮን መስመሩን በትክክል ለኩ

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ የወርልድ ስኬት፣ የፍጥነት ደንብ 20 ኮኖችን በ80 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያስደረድራል። መነሻው መስመር ከመጀመሪያው ኮን በፊት 12 ሜትር ላይ ነው፤ መድረሻው ከመጨረሻው ኮን 80 ሴንቲ ሜትር አልፎ። ሲደመር ከመነሻ እስከ መድረሻ 28 ሜትር ይሆናል። ከመድረሻው በኋላ ቢያንስ 20 ሜትር ባዶ የፍሬን ቦታ ተዉ፤ በዚያ ውስጥ ካሜራ የያዘም ሰው ቢሆን አይቁም።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የ80 ሴንቲ ሜትር እንጨት ቆርጦ እያነሣ እያስቀመጠ ምልክት ያደርጋል። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢስት በ19 ርምጃ 19 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ ሁለቱ መስመሮችም እኩል አይሆኑም። ይልቅ ረጅሙን ሜትር ከመጀመሪያው ኮን ላይ በሚስማር አስራችሁ ዘርጉትና ከዜሮ እየቆጠራችሁ 80፣ 160፣ 240 እያላችሁ እስከ 1520 ድረስ ምልክት አድርጉ። ሲባጎ አትጠቀሙ፤ ይለጠጣል።

በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ኮኑን አስቀምጡና ዙሪያውን በጠመኔ ክበቡት። ኮን ሲወድቅ የሚመልሱት ልጆች ያንን ክብ ነው የሚያዩት። ክቡ ከሌለ ከአሥረኛው ተወዳዳሪ በኋላ መስመሩ ይጠማዘዛል። ትንንሾቹን የስኬቲንግ ኮኖች ካላገኛችሁ የፕላስቲክ ብርጭቆ ገልብጡ፤ ቀላል ስለሆነ ተወዳዳሪውን አያደናቅፍም። ብርጭቆው እንዳይበር ብላችሁ አሸዋ የተሞላ የውኃ ኮዳ ግን አትተኩ፤ ጎማ ሲመታው ሰው ይጥላል።

ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን በ3 ሜትር ርቀት ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለት ልጆች አብረው ሲነሡ ፉክክሩ ለተመልካችም ይደምቃል።

6. የትርኢቱን ዕቃ ብየዳ ቤትና እንጨት ቤት አሠሩ

ሦስት ዕቃ ይበቃል።

ሳጥን፦ አንድ ሙሉ ፕላይዉድ 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የላይኛው ገጽ ሳይቆረጥ ይወጣል። ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ውስጡ በሞራሌ ይታሰር። ሁለቱን ረጅም ጠርዞች በአንግል ብረት ሸፍኑ፤ የብሎኖቹ ራስ ወደ ውስጥ ይግባ እንጂ አይውጣ። ብረት፦ 3 ሜትር ቱቦ፣ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር፣ እግሮቹ ሰፊ። የቱቦው ሁለት አፍ በብየዳ ይዘጋ፤ ክፍት አፍ እንደ ቢላ ይቆርጣል። መወጣጫ፦ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከፍታ፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ተኩል የማያንስ። ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኘው ጫፍ ላይ ስስ ላሜራ አንጥፉበት፤ አለበለዚያ ትንሿ ጎማ እዚያች ደረጃ ላይ ትቀራለች።

ሦስቱም በአሸዋ ከረጢት ተጭነው እንዳይንቀሳቀሱ መሆን አለባቸው። ከእያንዳንዱ በፊት 15 ሜትር መንደርደሪያ፣ በኋላ 10 ሜትር ማረፊያ ተዉ። ለማንሸራተት ሻማ ይቀባል፤ ጠርዙና ብረቱ ላይ ብቻ፣ በስሱ። ብዙ ከቀባችሁት ከጫማው ጋር ወደ አስፋልቱ ይወርድና ማረፊያውን ያንሸራትታል።

ልብ በሉ፤ በከተማችን ብዙው ልጅ ያለው ጫማ ለመንገድ የተሠራ እንጂ ለብረት የተሠራ አይደለም። ብረት ላይ መውጣት የሚችለው በመካከለኞቹ ጎማዎች መካከል ክፍተት፣ ከሶሉም ጎን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ያለው ጫማ ነው። የሌላው ጫማ ጎማ ብረቱን ይነክሳል፤ ልጁም በግንባሩ ይተከላል። ስለዚህ በደንባችሁ ላይ «ብረቱ ለተፈቀደለት ጫማ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሌሎቹ በዝላይና በሳጥኑ ገጽ ላይ በሚያሳዩት ችሎታ እኩል ነጥብ የሚያገኙበትን መንገድ ክፈቱ።

7. ደንቡን ጽፋችሁ ጨርሱ፣ ዳኞቹን አሠልጥኑ

ጠብ የሚነሣው ደንብ በዕለቱ ሲፈጠር ነው። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በምዝገባ ጊዜ ስጡ፤ በትልቅ ወረቀትም ቦታው ላይ ለጥፉ።

ለኮን ፍጥነት፦ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ዕድል አለው፤ የተሻለው ይያዛል። ለተገለበጠ ወይም ለተዘለለ ኮን 0.2 ሰከንድ ይጨመራል፤ ከአራት በላይ ቅጣት ያለበት ዙር አይቆጠርም። ይህ የዓለም አቀፉ ደንብ ነው። በተግባር እንዲህ ይሠራል፦ አንዱ በ6.1 ሰከንድ ጨርሶ ሦስት ኮን ቢገለብጥ 6.7 ይሆናል፤ ምንም ሳይነካ በ6.5 የጨረሰው ይቀድመዋል። ይህን ምሳሌ ለልጆቹ በቃል አስረዷቸው፤ ጥድፊያ እንደማያዋጣ ይገባቸዋል። ከመጀመሪያው ኮን ጀምሮ አንድ እግር ብቻ መሬት ይነካል፤ ለጀማሪዎች ምድብ ሁለት እግር ብትፈቅዱ ግን መልካም ነው።

ሰዓት አያያዙ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የሰው ጣት ምልክቱን አይቶ እስኪጫን ድረስ ያለው መዘግየት ወደ 0.2 ሰከንድ ይጠጋል፤ የአንድ ኮን ቅጣት ማለት ነው። የዓለም ምርጦች ከ5 ሰከንድ በታች በሚጨርሱት ውድድር ይህ ትልቅ ነው። ስለዚህ ለአንድ መስመር ሦስት ሰዓት ያዦች መድቡ፤ ሁሉም በስልካቸው ይያዙና መካከለኛው ቁጥር ይወሰድ። አስነሺው በድምፅ ብቻ ሳይሆን ባንዲራ በማውረድ ያስነሣ፤ ሰዓት ያዦቹ የሚያዩት ባንዲራውን ነው። ከእነሱ ሌላ በየመስመሩ ሁለት ዳኞች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ኮኑን፣ አንዱ እግሩን የሚያይ። አንድ ሰው ሁለቱንም ልይ ካለ አንዱ ያመልጠዋል።

ለጎዳና ትርኢቱ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋችሁ አሰልፉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 8 ደቂቃ ስጡ፤ በተራ እየገቡ የቻሉትን ያሳዩ። ዳኞቹ ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ። ነጥብ ከ100 ከመስጠት ይልቅ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ በደረጃ እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ። አንድ ዳኛ ቸር ሆኖ ለሁሉም ከ80 በላይ፣ ሌላው ቆጣቢ ሆኖ 60 ይሰጣል፤ ሲደመር የአንዱ ጠባይ ውጤቱን ይጎትታል። በደረጃ ሲሆን ቸርነትም ንፍገትም ቦታ አያገኙም፤ የደረጃዎቹ ድምር ያነሰው ያሸንፋል። እኩል ቢወጡ በምን እንደሚለዩ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ አንድ ተጨማሪ ሙከራ መስጠት በቂ ነው።

መመዘኛው አራት ነገር ነው፦ የሙከራው ክብደት፣ አጨራረሱ፣ ሜዳውን ምን ያህል ተጠቀመበት፣ ራሱ የጨመረው ፈጠራ። ወድቆ የተነሣ ልጅ ጭብጨባ ይገባዋል፤ ያልጨረሰው ሙከራ ግን አይቆጠርም። ዳኞቹን ከውድድሩ በፊት አንድ ቀን ሰብስቡና የቪዲዮ ሙከራ አድርጉ፤ አምስት ልጆችን አሳይታችሁ ለየብቻ ደረጃ ያውጡ፣ ከዚያ ልዩነታቸው ላይ ይነጋገሩ። ዘመድ ወይም አሠልጣኝ የሆነ ሰው የራሱን ልጅ አይዳኝ። አቤቱታ በ15 ደቂቃ ውስጥ በተወዳዳሪው ወይም በወላጁ ለዋና ዳኛው ብቻ ይቅረብ፤ የዋና ዳኛው ቃል የመጨረሻ ነው።

8. ምዝገባና መከላከያ

ምድቦቹን በዕድሜ ክፈሉ፦ እስከ 12 ዓመት፣ ከ13 እስከ 17፣ 18 እና ከዚያ በላይ። የሴቶች ምድብ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጀምሮ ይኑር፤ ሽልማቱም እኩል ይሁን። «ብዙ ሴት ከመጣች እንከፍታለን» ካላችሁ አይመጡም።

በቅጹ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ፣ ያለበት ሕመም ወይም የማይስማማው መድኃኒት ይጻፍ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሁሉ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርም፤ ታላቅ ወንድም ነኝ ብሎ ጓደኛ እንዳይፈርም ወላጁን በስልክ አረጋግጡ። ፎቶና ቪዲዮ ለማንሣትም በዚያው ቅጽ ፈቃድ ጠይቁ።

ያለ ሄልሜት አንድም ሰው፣ ለልምምድም ቢሆን፣ ሜዳው ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ አትደራደሩ። ቀጥሎ የሚመጣው የእጅ አንጓ መከላከያ ነው፤ በስኬቲንግ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እጅ አንጓ ነው፣ የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋልና። ጉልበትና ክርንም እንዲሁ ይሸፈን። ብዙዎቹ ልጆች እነዚህ የላቸውም። ስለዚህ ከሽልማቱ በፊት ገንዘባችሁን ለሚዋሱ መከላከያዎች መድቡ፤ አሥር ሙሉ ስብስብ ካለ በየተራው ይዳረሳል። በየልጁ መካከል ሄልሜቱን በአልኮል መጥረጊያ ጥረጉ፣ ማሰሪያውንም ራሳችሁ አስተካክሉ፤ አገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን።

ጫማውንም ፈትሹ። ጎማውን በእጃችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ ከተወዛወዘ የጎማው ብሎን ላልቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። አንድ ዕቃ አዋቂ ልጅ ቁልፎችና ጥቂት ትርፍ ኩሽኔታዎች ይዞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ጫማቸው የተበላሸባቸው ልጆች ሳይወዳደሩ እንዳይመለሱ ያደርጋል።

9. ለጉዳት ተዘጋጁ

የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነ ሰው ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጨረሻው ሽልማት ድረስ ከቦታው አይነቃነቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው፤ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። በአቅራቢያችሁ እሑድ የድንገተኛ ክፍሉ ክፍት የሆነውን ሆስፒታል ቀድማችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። አምቡላንስ በቶሎ ላይደርስ ስለሚችል አንድ መኪና ከነሾፌሩና ከነቁልፉ ተዘጋጅቶ ይቁም፤ መውጫውም ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

የተሰበረ የመሰለውን እጅ ለማሰር ካርቶንና ሻሽ ይበቃል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ አትጎትቱት። ወጌሻ አታስነኩት። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመውን ልጅ ከወደቀበት አታንሡት፣ ሄልሜቱንም አታውልቁ። ራሱን የመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢል፣ ቢያለቅስ፣ ቢለምንም በዚያ ቀን ተመልሶ አይወዳደርም። ይህን የሚወስነው ርዳታ ሰጪው ነው፤ ዳኛም ወላጅም ሊሽረው አይችልም።

10. ገንዘብና ሽልማት

ወጪውን በዚህ ቅደም ተከተል መድቡ፦ መከላከያና የመጀመሪያ ርዳታ፣ ዕቃ ማሠሪያ፣ ውኃ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ከተረፈ ሽልማት። ለልጆቹ ከዋንጫ ይልቅ አዲስ ጎማ፣ ኩሽኔታ ወይም ሄልሜት ይጠቅማቸዋል። ስፖንሰር ስትጠይቁ በብር ብቻ አትጠይቁ፤ ብየዳ ቤቱ የእጅ ዋጋውን፣ ሱቁ ውኃውን፣ ማተሚያ ቤቱ የደረት ቁጥሩን ሊሰጥ ይችላል። የአልኮል ድርጅት አትቀበሉ፤ ተወዳዳሪዎቻችሁ ልጆች ናቸው። የገባውንና የወጣውን ለኮሚቴው ሁሉ በደረሰኝ አሳዩ።

11. የዕለቱ አካሄድ

12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ተዘግቶ መጥረግ ይጀመራል። ሁለት ጊዜ ጥረጉ፤ አንዴ በሰፊ መጥረጊያ፣ አንዴ ቀስ ብሎ በእጅ። 1 ሰዓት ተኩል ምዝገባና የጫማ ፍተሻ፤ 2 ሰዓት ከሩብ ልምምድ፤ ሩብ ጉዳይ ለ3 ሁሉም ተሰብስበው ደንቡ ይነበባል፤ 3 ሰዓት ላይ ትንሾቹ ይጀምራሉ። ትንሾቹ ቀድመው ይወዳደሩ፤ መጠበቅ ያደክማቸዋል፣ ወላጆቻቸውም ቀድመው ይሄዳሉ።

አስተናባሪዎች ቢያንስ ስምንት ይሁኑ፣ አንድ ዓይነት ሰደርያ ይልበሱ። ሁለቱ የመንገዱን ሁለት ጫፍ ይይዛሉ፤ ስልክ እየነካኩ ሳይሆን ፊታቸውን ወደ መኪናው መምጫ አዙረው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል በማንኛውም ቀዳዳ ስለሚገባ ገመድ ብቻ አይበቃም፤ አግዳሚ ወንበር ወይም በርሜል አቁሙበት። ተመልካቹን ከመስመሩ 3 ሜትር አርቁ። ከሁሉ የሚከፋው ሕፃናት ከመድረሻው በኋላ ተሰብስበው የሚደርሰውን ልጅ ለማቀፍ መሮጣቸው ነው፤ እዚያ ብርቱ አስተናባሪ መድቡ።

መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ቻርጅ የሚደረግ ስፒከር ያዙ። መድረክ መሪው ስም እየጠራ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ተወዳዳሪዎች እያስጠነቀቀ ይቀጥል፤ ሰዓት የሚባክነው ልጅ ፍለጋ ነው። በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ቆማችሁ መስመሩን እንደገና ጥረጉ፣ የሳጥኑን ብሎኖች አጥብቁ። ውጤቱን እያንዳንዱ ምድብ እንዳለቀ በወረቀት ለጥፉ።

12. ከውድድሩ በኋላ

ቦታውን ከተረከባችሁት ይበልጥ አጽድታችሁ መልሱ፤ ሻማው ተፍቆ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ፣ ኮዳው ተለቅሞ። ፎቶ አንሡ፤ ለወረዳው፣ ለፖሊስ ጣቢያውና ለእድሩ በምታስገቡት የምስጋና ደብዳቤ ላይ አያይዙት። ሆስፒታል የሄደ ልጅ ካለ በዚያው ዕለት ማታ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። በሳምንቱ ውስጥ ኮሚቴው ተሰብስቦ የወደቁትን ልጆች፣ የወደቁበትን ቦታና ምክንያቱን በመዝገብ ይጻፍ፤ ሁለት ልጅ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የቦታው ነው።

ኮኖቹንና ሳጥኑን ግን ለሚቀጥለው ዓመት ብላችሁ መጋዘን አትቆልፉባቸው። ከወጣት ማዕከሉ ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምታችሁ በግቢው አስቀምጡ፤ አንድ ኃላፊ ሄልሜቶቹን እየቆጠረ ያውስ፤ ልጆቹም እሑድ እሑድ እየመጡ ይለማመዱባቸው።